የፈረምኩበት የአየር ታንክ

ይድረስ ለእትዬ ካሳነሽ፤

ከጅጅጋ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን ቆላና ደጋ ሁሉ ተሻግሮ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ያ የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም እንዴት ሆነ? ብርዱስ? ኅዳር ሲገባ እናንተ ዘንድ የሚጥለውን ውርጭ አልረሳሁትም። ባለቤትሽ ጋሼ ደሬሳ እግራቸውን ያብጣቸው የነበረው ተሻላቸው? አባባስ እህል ይቀምሳሉ? ዓይናቸው እንዳለ ነው ወይስ ባሰበት? ልጆችሽ አገሬና ሙላቱስ ደኅና ናቸው? የሁላችሁን ደኅንነት ብሰማ የኔ ግማሽ ጤና እሱ ነው። እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ። ከዚህ በላይ ልጽፍልሽ ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። በሁለተኛው ላይ «እጅህን ምን ያዘው?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። የያዘው ነገር ነበር። አስራ ዘጠኝ ቀን ጣቢያ ታስሬ ነው የወጣሁት። ወሬው በአገር ልጅ አፍ ተዛብቶ ሳይደርስሽ እኔው ልንገርሽ ብዬ ተቀምጫለሁ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ከአንቺ የደበቅኩት ነገር የለም፤ ይህንንም ብደብቅሽ ሰላምታዬ ሁሉ ከንቱ ነው።

ጋራዣችን የውሃ ቦቴ እንደሚጠግን ታውቂያለሽ። ካለፈው ግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ከሐርጌሳ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ሐርትሼክ በሚባል ሜዳ ሰፍሯል። ወንዝ የለ፣ ምንጭ የለ። የሚጠጣው ከጅጅጋ በቦቴ ተጭኖ በቀብሪበያ በኩል የሚሄደውን ውሃ ነው። መንገዱ ጎማ ይበላል። አንድ መኪና ጎማ ፈንድቶበት ከቆመ፣ የዚያን ቀን እንስራ ተሰልፎ ይውላል።

ጎማ የሚሠራልን ሳማታር የሚባል ሰው ነው። በስድሳ ዘጠኙ ጦርነት እሱም ተሰዶ ሐርጌሳ ኖሯል፤ ሙያውንም እዚያ ተምሮ ከአራት ዓመት በፊት ነው ወደ አገሩ የተመለሰው። አማርኛው ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋል። አለቃችንን «አንቺ የፈረምሽው ወረቀት የት ሄደ» ብሎ ጋራዡን በሙሉ በሳቅ የጣለበትን ቀን አንድ ጊዜ ጽፌልሻለሁ። ወባ ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ ሚስቱ ኢስተሂል ስምንት ቀን ሙሉ የግመል ወተት አመላልሳልኛለች። እዚህ አገር ዘመድ አለህ ወይ ቢሉኝ እነሱን ነበር የምጠራው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ጎማ የሚሞላው አየር በኮምፕሬሰር እየተጨመቀ የሚጠራቀምባቸው ሁለት ታንኮች ነበሩን። በርሜል ይመስላሉ፤ ግን ረዘም ያሉ ናቸው። ሁለቱም በአንድ ዓመት የተገዙ ናቸው። በላያቸው ላይ በተለጠፈው ብረት «እስከ አስር ባር» ተብሎ ተጽፏል፤ ባር ግፊት የሚለካበት ነው። ይህ የተጻፈው ግን ታንኮቹ አዲስ ሳሉ፣ ላሜራቸው ስድስት ሚሊሜትር ውፍረት ሳለው ነው። አየር ሲጨመቅ ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃው ታች ይተኛል። በየቀኑ ካላፈሰሱት ብረቱን ከውስጥ ሆኖ ይበላዋል። እኔ ከመምጣቴ በፊት ስንት ዓመት ሳይፈስ እንደኖረ እግዜር ይወቅ።

መመርመሩ የኔ ሥራ ነውና ሐምሌ ላይ አንዱን ታንክ በመዶሻ መታ መታ አደረግሁት። ላዩ እንደ ደወል ይጮሃል። ሆዱ ሥር ስደርስ ድምፁ እንደ ራሰ እንጨት ሆነ። የማፍሰሻውን ቡሎን ፈትቼ በቀዳዳው ጠርዝ ብለካው ብረቱ ሁለት ሚሊሜትር አይሞላም።

ሒሳቡን ልንገርሽ፤ ከባድ አይደለም፣ እኔንም የከበደኝ እሱ አልነበረም። የታንኩ ወርድ ስድሳ ሳንቲሜትር ነው። አስር ባር አየር ሲገባበት፣ በርዝመቱ በእያንዳንዷ ሳንቲሜትር ላይ ስድስት መቶ ኪሎ የሚያህል ኃይል ታንኩን ለሁለት ሊገምሰው ይገፋል። ያንን የሚይዙት ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ግድግዳዎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ሦስት መቶ ይደርሰዋል። ብረቱ ስድስት ሚሊሜትር ሳለ ይህን ሳይሰማው ይሸከማል። ሁለት ሲሆን ግን ያው ሸክም በሲሶው ብረት ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ሦስት እጥፍ ይጨነቃል። ደግሞ ዙሪያውን የሚስበው ኃይል በርዝመቱ ከሚስበው እጥፍ ነው። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ታንክ ሲቀደድ እንደ ባቄላ እሸት ከላይ እስከ ታች የሚፈለቀቀው።

ብረት እስኪበጠስ ድረስ አይጫንም። ከሚችለው ሩቡ ላይ ማቆም ነው ደንቡ። የቀረው ሦስት እጅ ለማይታየው የሚተው ነው፤ ላልታየ ዝገት፣ ለመጥፎ ብየዳ፣ ለሚዘነጋ ሰው። እኔ ሠርቼ ያገኘሁት ከአምስት ባር እንዳይበልጥ ነው። ይህን በወረቀት አድርጌ ለአለቃችን ለአቶ ወርቅአገኘሁ አሳየሁ።

አቶ ወርቅአገኘሁ ክፉ ሰው አይደሉም። አስቀምጠው ሰሙኝ። የቦቴ ጎማ በአምስት ባር አይሞላም፤ ሰባትም ሰባት ተኩልም ይፈልጋል። አዲስ ታንክ እንዲላክ ሁለት ጊዜ ጽፈው «ሲገኝ» የሚል መልስ መጥቶላቸዋል። «ትናንት ሐርትሼክ የገባው ሁለት ቦቴ ብቻ ነው። ሰው በውሃ ጥም መሞቱ እርግጥ ነው፤ ያንተ ታንክ መፈንዳት ግን ምናልባት ነው» አሉኝ። እውነትም ነበራቸው እኮ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የፓርቲው ሰው መኪኖቹ ለምን እንደሚዘገዩ እየጠየቀ መሆኑን፣ «አሻጥር» የምትለዋንም ቃል እንዳነሳት ነገሩኝ። «እኔ ስምህን አልሰጥም፤ ግን ታንኩን ያስቆመው ማን ነው ካሉ ወረቀቱ ላይ ያለው ያንተ ስም ነው» አሉ።

የዓመቱ ምርመራ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ነሐሴ ሦስት ቀን «ለአስር ባር ብቁ ነው» በሚለው ሥር ፈረምኩ። በዚህም አላበቃሁም። ታንኩ ግፊት ሲበዛ ራሱ ተከፍቶ ትርፉን አየር የሚያስወጣ ቫልቭ አለው፤ ሞላው ስለደከመ ሰባት ላይ እየተከፈተ ሥራ ያስተጓጉል ነበር። እሱንም በገዛ እጄ በቁልፍ ጠምዝዤ እስከ መጨረሻው አጠበቅሁት። ማንም አላየኝም።

ለሳማታር «ጎማ ስትሞላ ከታንኩ ራቅ በል» አልኩት። «ለምን?» አለኝ። «ይሞቃል» አልኩት። አየሩ የሚመጣበት ቱቦ አጭር ነው፤ ወዴት ይራቅ? ሳቀና ሥራውን ቀጠለ። እኔ እሱ በሠራ ቁጥር ዓይኔ ከግፊት መለኪያው መርፌ ላይ አይነሳም ነበር። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር ሲያልፍ ግን ልቤ እየደነደነ መጣ። ምናልባት ሒሳቤ ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። ሰው የሚፈራውን ነገር በየቀኑ ካየው ይለምደዋል እትዬ።

መስከረም አስራ ዘጠኝ ቀን ጠዋት አራት ቦቴ ተሰልፎ ነበር። እኔ ከአንደኛው መኪና ሥር ተኝቼ እሠራለሁ። ኮምፕሬሰሩን አስር ባር ላይ የሚያጠፋው ማብሪያ ተጣብቆ ሳያጠፋ መቅረቱን በኋላ ነው ያወቅነው። ፍንዳታውን ሰማሁት ማለት አልችልም፤ ደረቴን ነው የመታኝ። ከመኪናው ሥር ስወጣ ጣሪያው ላይ ሰማይ ይታያል። ታንኩ ሆዱ ተፈልቅቆ፣ ላሜራው እንደ ወረቀት ተዘርግቶ ከግድግዳው ሥር ወድቋል። ሳማታር መሬት ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። አልጮኸም። ዙሪያውን እየተመለከተ «ጫማዬን አያችሁ?» ይል ነበር። ቀበቶዬን ፈትቼ እግሩን አሰርኩና በመኪና ሐኪም ቤት ወስደነው፣ ከዚያ ወደ ሐረር ሆስፒታል ተላከ። ነፍሱ ተረፈች።

በማግሥቱ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ቫልቩን ከፍርስራሹ አንሥተው ሲያዩት እስከ መጨረሻው ተጠብቋል። «ይህን ማን አጠበቀ?» አሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ታንኩ ዘንድ የሚውለው ጎሚስታው መሆኑን፣ ከድንበር ማዶ ኖሮ መምጣቱን፣ የአጎቶቹ ልጆች ዛሬም ማዶ መኖራቸውን ዘረዘረ። «ለስደተኛው የሚሄደውን ውሃ ለማስቆም ሆን ተብሎ የተሠራ ነው» አለ። ማስታወሻ ተያዘ። በሦስተኛው ቀን ሳማታር የተኛበት አልጋ አጠገብ መሣሪያ የያዘ ዘብ መቆሙን ሰማሁ። እግሩ የተቆረጠ ሰው ወዴት እንዳይሄድ?

እኔ ዝም አልኩ። አስራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ ሰላም ያሉኝን ሰላም እላለሁ። አቶ ወርቅአገኘሁም ዝም አሉ። በግቢው ስንተላለፍ ዓይን ለዓይን አንተያይም ነበር።

በአስራ አንደኛው ቀን ኢስተሂል ቤቴ መጣች። ቆማ ነው ያነጋገረችኝ። የአውራጃው አስተዳደር ማመልከቻ በአማርኛ ጽፈሽ አምጪ ብሏታል። ለጸሐፊ ብሰጠው ቃሌን ይለውጥብኛል ብላ ፈርታለች። «አንተ ወንድሙ ነህ፤ አንተ ጻፍልኝ፤ ሳማታር እንዲህ ያለ ሥራ እንደማይሠራ ታውቃለህ» አለችኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ነው የመጣችው።

ተቀመጥኩና መጻፍ ጀመርኩ። «ባለቤቴ ሳማታር በተጠረጠረበት ነገር እጁ የለበትም፤ ቫልቩንም እሱ አላጠበቀውም» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ምን ልጻፍ? የሚያነበው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ታዲያ ማን አጠበቀው?» ብሎ ነው። እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። እሷ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ቃል እየመረጥኩ መስሏታል። አንገቴን ደፍቼ «ኢስተሂል፣ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ» አልኳት። አልገባትም መሰለኝ። ደግሜ፣ ታንኩ እንደማይችል አውቄ መፈረሜንም ጨምሬ ነገርኳት። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ወረቀቱን ከፊቴ አንሥታ፣ አጥፋ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ሁሉንም ተናገርኩ። የሐምሌውን ሒሳብ የሠራሁበትን ወረቀትም ሰጠኋቸው። አላመኑኝም። ሰብሳቢው «ለጓደኛህ ብለህ ነው፤ አስር ባር ተብሎ የተጻፈበት ታንክ ሰው ካልነካው አይፈነዳም» አሉ። ያን ጊዜ ሁለተኛው ታንክ ትዝ አለኝ፤ በአንድ ዓመት የተገዛ፣ አንድ ዓይነት ዝገት የበላው። «እሱን በውሃ እንሞክረው» አልኳቸው። ለምን በውሃ እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። አየር ሲጨመቅ እንደ ተወጠረ ሞላ ነው፤ መያዣው ሲቀደድ ያን ሁሉ ጉልበት በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ውሃ ግን አይጨመቅም። ታንኩ ቢሰነጠቅ ጠብ ብሎ ግፊቱ ወዲያው ይጠፋል፤ ሰው አይጎዳም። ይህ ሙከራ ገና ሐምሌ ላይ መደረግ የነበረበት ነው። አንድ ቦቴ ለግማሽ ቀን ማቆም ብቻ ይበቃን ነበር።

ታንኩን አፍንጫው ድረስ ውሃ ሞልተን፣ ቫልቩን አውልቀን ዘጋንና የእጅ ፓምፕ ገጠምን። እነሱን ከግድግዳው ጀርባ አቁሜ ፓምፑን እኔው ያዝኩ። አምስት አለፈ፣ ስድስት አለፈ፣ ሰባት አለፈ። ስምንት ላይ ሲደርስ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። እንዳይሰነጠቅ ተመኘሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? አሁንም ንጹሕ መሆን ያምረኝ ነበር። ስምንት ተኩል ላይ ከሆዱ ሥር ጭርር የሚል ድምፅ ወጣ፤ መርፌው ወደ ዜሮ ወደቀ፤ ውሃው በመሬቱ ላይ ሄደ። ሰብሳቢው መጥተው ጎንበስ ብለው ስንጥቁን በጣታቸው ነኩት። በርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ይበልጣል። ቀና ብለው «ይህን እያወቅህ ፈረምክ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። አቶ ወርቅአገኘሁ ተጠርተው ትእዛዝ ሰጥተው እንደሆነ ሲጠየቁ «አላስታውስም» አሉ። እኔም አልተከራከርኳቸውም። ትእዛዙ የእሳቸው ቢሆን ሒሳቡ የኔ ነበር።

ያን ቀን ታሰርኩ። የሳማታር ዘብ በሳምንቱ ተነሣ። አስራ ዘጠኝ ቀን ቆይቼ ዋስ ጥራ ስባል የምጠራው ሰው አልነበረኝም። የአገር ልጆች ሁሉ ነገሩ ፖለቲካ አለበት ብለው ሸሹ። ዋስ ሆኖ ያስወጣኝ ማን እንደሆነ ብነግርሽ ይገርምሻል፤ የሳማታር ታላቅ ወንድም ሱጉሌ ነው። ከብት ነጋዴ ነው፤ ከቀብሪበያ ለዚሁ ብሎ መጣ። ላመሰግነው ስል እጁን አነሣብኝ። «ይቅር ብዬህ አይደለም። ፍርድ ቤት ቆመህ ወንድሜ ንጹሕ ነው የምትለው አንተ ነህ። እዚህ ውስጥ ብትሞትብን ማን ይናገርልናል?» አለና ሄደ።

ባለፈው ሳምንት ሐረር ሄጄ ሳማታርን አየሁት። ከስቷል። ኢስተሂል አጠገቡ ነበረች፤ ስገባ ተነሥታ ወጣች። አጠገቡ ቆምኩ። ለመናገር ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ ስለ ውሃ ጥሙ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ፍርሃቴ። እሱ ቀደመኝ። «ጫኔ፣ ራቅ በል ያልከኝ ቀን ታውቅ ነበር?» አለኝ። «አውቅ ነበር» አልኩት። «ብትነግረኝ ኖሮ እኔ ራሴ ልመርጥ እችል ነበር። ምናልባት እሠራው ነበር። የሐርትሼክ ሰዎች ወገኖቼ ናቸው» አለ። አማርኛውን አንዲት ቦታ እንኳ አልተሳሳተም። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወጣሁ።

እትዬ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚመላለስብኝ ይህ ነው። ሒሳቡን ለአለቃዬ አሳየሁ፣ ለወረቀት አሳየሁ። ታንኩ ሥር ለሚቆመው ሰው ግን አላሳየሁትም። ፈሪ ነበርኩ፤ ፍርሃቴንም ሥራ ብዬ ስም አወጣሁለት።

አሁን ከሥራ ታግጃለሁ። ጉዳዩ ጥር ላይ ይቀርባል። ምን እንደሚፈርዱብኝ አላውቅም። ትልቅ ቦታ ያለ ዘመድ ፈልጊልኝ ብዬ አይደለም የጻፍኩልሽ፤ ጋሼ ደሬሳም ማንንም እንዳያስቸግሩ። በዚህ ነገር የሰው እግር ሄዷል፤ በአማላጅ ተሸፍኖ እንዲያልፍ አልፈልግም። አንቺ ብቻ ጻፊልኝ። ብትቆጪኝም ጻፊልኝ።

ጋሼ ደሬሳን ጉልበታቸውን ስሜ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። አገሬ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ማለፏን ከደብዳቤሽ አንብቤ ደስ ብሎኛል፤ ጎበዝ በያት። ሙላቱን ዓይን ዓይኑን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን እማማ አመለወርቅ ጠይቀውኝ ከሆነ በሕይወት አለ በያቸው። ለአባባ ይህን ደብዳቤ አንቺው አንብቢላቸው። ማዘናቸው አይቀርም ብለሽ የከበደውን ቦታ እንዳትዘይው፤ ልጃቸው ያደረገውን ሙሉውን ይስሙ።

ወንድምሽ ጫኔ

ጅጅጋ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.